አንድ ፍሬ ሲጋራና ሕጉ

በዚህ እትም የጤና ትምህርታችን ስለ ትምባሆ ሕግ እንነጋገራለን። ሲጋራ ሳንባን እንደሚጎዳ ያልሰማ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ብዙዎቻችንን የሚያከራክረው «የአገሩ ሕግ እኛን ስደተኞችን ምን ይመለከተናል?» የሚለው ነው።

ኬንያ የትምባሆ መቆጣጠሪያ ሕጓን ያወጣችው በ2007 ሲሆን፣ በሥራ ላይ የዋለው በ2008 ነው (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። የምንኖረው በኬንያ ምድር ስለሆነ ሕጉ ስደተኛውንም የአካባቢውንም ነዋሪ እኩል ይይዛል። ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ትምባሆ መሸጥ ክልክል ነው። ከ10 ፍሬ ባነሰ ፓኮ ሲጋራ መሸጥም እንዲሁ፤ ይኸውም ፓኮ ከፍቶ አንድ አንድ መቸርቸር ያስቀጣል ማለት ነው።

«ሙሉ ፓኮ መግዣ ያለው ማን ነው?» የሚል ባለሱቅ ይኖራል። የክልከላው ምክንያት ግን እዚያው ጥያቄ ውስጥ ነው። ሙሉ ፓኮ ለልጅ ኪስ ይከብዳል፤ አንድ ፍሬ ግን ለዳቦ በተሰጠው ሳንቲም ይገዛል። በፍሬ የሚገዛ ሰው በፓኮው ላይ የታተመውን ማስጠንቀቂያም አያየውም። መንግሥት ቀረጥ ሲጨምርም አጫሹ ከመተው ይልቅ ወደ ፍሬ ስለሚዞር የዋጋው ጭማሪ ያን ያህል አይሰማውም።

እዚህ ላይ ራሳችንን ወላጆችን እንውቀስ። «ሂድ፣ አንድ ሲጋራ ገዝተህ በዚያው ለኩሰህ አምጣልኝ» ማለት ከአገር ቤት ይዘነው የመጣን ልማድ ነው። ልጁ የመጀመሪያውን ጢስ የሚስበው አንዳንዴ በዚያ መንገድ ላይ ነው፤ ባለሱቁንም ሕግ አስጣስነው።

አገር ቤትም ሕጉ ጠብቋል። ኢትዮጵያ የዓለም የጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በ2014 አጽድቃ፣ በ2019 አዋጅ ቁጥር 1112ን አወጣች። በአዋጁ የዕድሜው ገደብ 21 ዓመት ነው፤ ከፓኮው ፊትና ጀርባ 70 በመቶው በሥዕል ማስጠንቀቂያ መሸፈን አለበት፤ ሺሻም ተከልክሏል። መንግሥት ራሱ ለረጅም ዘመን የትምባሆ ፋብሪካው ባለቤት እንደነበር ለምናስታውስ፣ ይህ ቀላል እርምጃ አይደለም።

ወደ ካምፓችን እንመለስ። በኬንያ ሕግ በምግብ ቤት፣ በጤና ጣቢያ፣ በትምህርት ቤትና በሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ማጨስ እስከ 50,000 ሽልንግ መቀጮ ወይም እስከ 6 ወር እስራት ሊያደርስ ይችላል። ሻይ ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ደንበኛ እንዳይቀየም ብላችሁ ዝም አትበሉ። ሕጉን ጠቅሳችሁ ሲጋራውን እንዲያጠፋ ብትጠይቁት፣ ቢቀየምም በሕጉ እንጂ በእናንተ አይደለም።