ጥንዚዛዋ ጅማን ስትለምድ

ጥያቄ፦ የአየር ንብረት ሲሞቅ ነፍሳት ወደ አዲስ አካባቢ የሚስፋፉት እንዴት ነው?

መልስ፦ አብዛኞቹ ነፍሳት የሚያድጉበትን ፍጥነት የሚወስነው የአካባቢያቸው ሙቀት ነው። የቡና ፍሬ የምትበሳዋን ጥንዚዛ እንውሰድ። ርዝመቷ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። እንስቷ ፍሬውን በአናቱ በኩል በስታ ትገባና እንቁላሏን እዚያው ትጥላለች፤ እጮቹ ፍሬውን ከውስጥ ይበሉታል። ስለዚህ የሚረጭ መድኃኒት በቀላሉ አያገኛቸውም።

ከ15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ግን ዕድገቷ ይገታል። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሰላው፣ ጅማ እስከ 1984 እ.ኤ.አ. ድረስ ቀዝቃዛ ስለነበረች ጥንዚዛዋ በዓመት አንድ ትውልድ እንኳ መጨረስ አትችልም ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ወይም ሁለት ትውልድ ይደርስላታል። ጥንዚዛዋ አልተለወጠችም፤ አገሩ ነው የሞቀላት።

ገበሬው ከለቀማ በኋላ ዛፉ ላይና መሬት ላይ የቀረውን ፍሬ አጥርቶ ይልቀም፤ እስከሚቀጥለው ምርት የምትሸሸገው እዚያ ውስጥ ነው።