«ፈረንጅ» የሚለው ስም እንዴት ተጠላ?



«የፈረንጅ ነገር» ሲባል በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ተንኮልና ሃይማኖት መሻር አብሮ ይታሰባል። ይህ ሐሳብ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ቃሉ ራሱ በዐረቦች በኩል የደረሰን የፍራንኮች ስም ነው፤ ስድብ አልነበረም። እንዲያውም በ1541 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያለውም እንዲሁ) ክሪስቶፎር ዳጋማ 400 ያህል ፖርቱጋላውያን ይዞ የመጣው በግራኝ ጦርነት ጊዜ ሊረዳን ነው።

ቂሙ የተወለደው ከ80 ዓመት በኋላ ነው። በ1603 የገባው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ግእዝና አማርኛ የተማረ፣ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። ከጣራ ገዳም በስተምዕራብ፣ በጣና ሰሜን ዳር በምትገኘው ጎርጎራም ተቀምጧል። እርሱ በ1622 ሞተ፤ በዚያው ዓመት ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት መቀበላቸውን በይፋ አስታወቁ። በ1625 የመጣው ጳጳስ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፣ ቀሳውስቱ ዳግመኛ እንዲካኑ አዘዘ፤ ጾሙና በዓሉ ሳይቀር ተለወጠ። እስቲ አስቡት፤ አባቱን ለቀበረ ገበሬ «አባትህ ሳይጠመቅ ሞተ» ማለት እኮ ነው! አገሩ በዐመፅ ተነሣ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን አባረሩ።

እስከዚህ ድረስ ጥላቻው ምክንያት ነበረው። በ1638 ግን ሁለት የካፑቺን መነኮሳት ጎንደር ላይ ተሰቀሉ፤ እነርሱ ከሜንዴዝ ማኅበር አልነበሩም። የጥቂቶች በደል የሁሉም ስም የሆነው እንዲህ ነው። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ የሮማ ሃይማኖት ተከታይ ባይሆንም ይኸው ጥርጣሬ ጠብቆታል።

ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት ደግሞ ሌላ ፈረንጅ አይታለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት እዚያ በሰፈሩ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ነው። በ1868 መቅደላ ላይ የእንግሊዝ ጦር ታቦትና መጻሕፍት ዘርፎ ሄደ፤ በ1937 የፋሺስት ጦር በደብረ ሊባኖስ መነኮሳትን ፈጀ። ይህ ሐሜት አይደለም፤ አድራጊውም ዘመኑም ይታወቃል። «ፈረንጅ ወላጁን አይወድም» የሚለው ወሬ ግን አድራጊም ዘመንም የለውም።

ለውይይት፦ ስለ ፈረንጅ ከሰማችሁት አንዱን ጽፋችሁ አምጡ። ማን አደረገው? የትና መቼ? የነገራችሁስ ሰው ከማን ሰማው?