ከግዞት ስለ ተመለሰ ሰው

አንባቢ ሆይ፥ በባሕር ዳር ከጣና ዳር ቆመህ ደሴቶቹን በተመለከትህ ጊዜ ይህን አስብ። በታንኳ የሚሻገረው መናኝ ከዓለም የሚለየው በፈቃዱ ነውና ውኃው ዕረፍት ይሆንለታል። ሳይወድ ወደ ደሴት ለተጋዘ ሰው ግን ውኃ የወኅኒ ግንብ ነው።

እንግሊዞች እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ከ1788 እስከ 1868 ድረስ ከ160,000 የሚበልጡ ፍርደኞችን ወደ አውስትራልያ አጋዙ። ብዙዎቹ ስለ ጥቂት ስርቆት 7 ዓመት የተፈረደባቸው ነበሩ። ፍርዳቸውን ፈጽመው የነጻነት ወረቀት ከተቀበሉም በኋላ፥ በፈቃዳቸው መጥተው የሰፈሩት ባለጠጎች ከማዕዳቸው ያርቋቸው ነበር። ዳኛ የፈታውን ጎረቤት አሰረው።

የእኛም ሰዎች ግዞትን ቀምሰዋል። የጐጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በሽሬ ግንባር ከተዋጉ በኋላ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተማርከው በኢጣልያ ወደምትገኘው ወደ ፖንዛ ደሴት ተወሰዱ። ከእርሳቸው ጋር በሽሬ የዘመቱት የጐጃሙ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁም በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታሰሩ። በደላቸው ስለ አገራቸው መዋጋታቸው ብቻ ነበረ። በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሥልጣኑ ተሽሮ በተያዘ ጊዜ እርሱም ወደዚያችው ወደ ፖንዛ ተወሰደ። አጋዡ ተጋዥ ሆነ።

ሁለቱ ሰዎች ወደ አገራቸው ተመልሰው በአምባሳደርነት አገለገሉ፤ ሐዲስም ሚኒስትር ሆኑ፥ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። እንግዲህ የታሰረ ሁሉ የተናቀ ይሁን ቢባል ኖሮ፥ ይህ ሁሉ ፍሬ ከወዴት በተገኘ?

ምናልባት «እነርሱ ንጹሓን ነበሩ፤ የእኔ ጎረቤት ግን በእውነት ሰርቋል» ትል ይሆናል። መልካም፥ ስርቆትን በጎ ነው አትበል። ነገር ግን ፍርድ ልክ አለው። ዳኛው የፈረደበት 7 ዓመት ከሆነ፥ አንተ ስምንተኛውን ለመጨመር ማን ሾመህ?

ስለዚህ ከወኅኒ የተመለሰውን ሰው በጥፋቱ ስም አትጥራው። ሰላምታ አትንፈገው፤ ልጆችህንም ከልጆቹ ጋር እንዳይጫወቱ አትከልክል። ሥራ ቢለምንህ አስቀድመህ ጥቂቱን አደራ ስጠው፤ በጥቂቱ ቢታመን ጨምርለት። ሰው እንጀራ የሚበላበት ሥራ ካጣ ወደ ቀድሞው ጥፋቱ የሚመለስበት መንገድ ቅርብ ነው፤ ያን ጊዜ በደሉ የእርሱ ብቻ አይሆንም።

አንባቢ ሆይ፥ ባሕሩን ተሻግሮ ለተመለሰ ሰው በደጅህ ሌላ ባሕር አትዘርጋበት። ዛሬ በመንገድ አይተህ ፊትህን ያዞርህበት ሰው ማን ነው? ነገ ባገኘኸው ጊዜ አስቀድመህ እጅ ንሣው።