ከኦፓል እስከ ካላዛር መድኃኒት

(መላሹ የቀድሞ የኬሚስትሪ መምህር ናቸው። ጠያቂዋ መተማ የተመደበች ወጣት የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት።)

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ ይህ የደላንታ ኦፓል ዘንበል ሲያደርጉት አረንጓዴው ቀይ ይሆናል። ማቅለሚያው ምንድን ነው?

መላሽ፦ ማቅለሚያ የለውም ልጄ። ኦፓል ውኃ ያዘለ ሲሊካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ኦፓልን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩ፣ ውስጡ በረድፍ የተደረደሩ ድቡልቡል ቅንጣቶች መኖራቸው ታወቀ። ስፋታቸው ከ150 እስከ 350 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ አንድ የፀጉር ዘለላ ደግሞ 80,000 ናኖሜትር ያህል ይወፍራል። ብርሃን በረድፎቹ መካከል ሲነጥር ቀለማቱ ይነጣጠላሉ። ቅንጣቶቹ ደቀቅ ካሉ ሰማያዊው ብቻ ይታያል፣ ተለቅ ካሉ ቀዩም ይመጣል። መጠናቸው ከተዘበራረቀ ግን ድንጋዩ ደብዝዞ ይቀራል፤ ገዥም አያገኝ።

ጠያቂ፦ እኩል መሆናቸው ነው ዋናው ማለት ነው?

መላሽ፦ እሱ ነው! ለዚህም ነው ተመራማሪዎች እኩል ቅንጣት ለመሥራት ያን ያህል የሚደክሙት። እ.ኤ.አ. በ1968 ስቶበርና ባልደረቦቹ አልኮልና አሞኒያ ተጠቅመው የሲሊካ ድቡልቡሎችን በሚፈልጉት መጠን የሚያወጡበትን ዘዴ አሳተሙ። እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ጠያቂ፦ የእኔ ሥራ ግን ከደም ጋር ነው።

መላሽ፦ አንቺማ የእንዲህ ያሉ ቅንጣቶችን ሥራ በየቀኑ ታይዋለሽ። የወባ ፈጣን መመርመሪያው ላይ የሚወጣው ቀይ መስመር ምን ይመስልሻል?

ጠያቂ፦ ተራ ቀለም ነዋ።

መላሽ፦ አብዛኛውን ጊዜ ወርቅ ነው። ከ20 እስከ 40 ናኖሜትር የሚሆኑ የወርቅ ድቡልቡሎች አረንጓዴውን ብርሃን ስለሚውጡ ለዓይን ቀይ ይሆናሉ። ላያቸው ላይ አንቲቦዲ ተለጥፏል። የደሙን ጠብታ አድርገሽ ፈሳሹን ስትጨምሪበት፣ የወባው ፕሮቲን ካለ ይዘውት በወረቀቱ ላይ ይጓዙና መስመሩ ላይ ይያዛሉ። አንዷን ብቻዋን ዓይን አያያትም፤ ሲከማቹ ነው ቀዩ የሚወጣው። ገና ሲዘጋጁ እርስ በርስ ከተጣበቁ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ይሄዳሉ፤ ያኔ ሠሪው መበላሸታቸውን ያውቃል።

ጠያቂ፦ ለማከምስ? መተማ ካላዛር እንዳለ ነግረውኛል።

መላሽ፦ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። አምፎተሪሲን ቢ የካላዛርን ጥገኛ ተሕዋስ ይገድላል፤ ግን ኩላሊትም ይጎዳል። ሊፖሶማል የሚባለው ዓይነት በስብ የተሠራ፣ ከ100 ናኖሜትር ያነሰ ድቡልቡል ነው፤ መድኃኒቱ ስቡ ውስጥ ተይዞ ስለሚጓዝ ኩላሊት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ይቀንሳል። ደም ውስጥ ሲገባ ማክሮፋጅ የሚባሉት የጉበትና የጣፊያ ዋጭ ሕዋሳት እንደ ባዕድ ነገር ቆጥረው ይውጡታል። ጥገኛው ተደብቆ የሚራባው የት መሰለሽ? እዚያው ማክሮፋጆቹ ውስጥ! በሽታው የተሸሸገበት ሕዋስ መድኃኒቱን ራሱ ያስገባዋል።

ጠያቂ፦ ታዲያ ለምን እንደ ልብ አይገኝም?

መላሽ፦ ዋጋው ውድ ነው፣ በደም ሥር በዝግታ ነው የሚሰጠው። ደግሞም ከ25 ዲግሪ ሳያልፍ መቀመጥ አለበት፤ የመተማ ሙቀት ደግሞ 40 ይደርሳል። ሄደሽ ሥራ ስትጀምሪ መጀመሪያ የመድኃኒት ክፍሉን ቴርሞሜትር እዪ፤ መብራት ሲጠፋ ማን እንደሚከታተለውም ጠይቂ።