ወሬው ሳይጣራ እጃችን ስለምን ይፈጥናል?



የምኖረው በባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ ነው። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ከሰፈራችን ወጣቶች ጋር ኪታብ እንቀራለን። ሰሞኑን ግን ኪታቡን ለጊዜው አጥፈን ስለ ስልኮቻችን መነጋገር ግድ ሆኖብናል። ከተማችን ስሙ በፌስቡክ ከጠፋ በኋላ ሰው የተገደለባት ከተማ ናትና።

ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር፣ በትውልዳቸውም ትግራዋይ ነበሩ። ጦርነቱ በተፋፋመበት በ2014 ዓ.ል. መስከረም መጨረሻ፣ የዩኒቨርሲቲውን ሠራተኞች ስም የያዘና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተከታዮች ያሉት የፌስቡክ ገጽ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን አውጥቶ በሌብነትና በሕወሓት ወገንተኝነት ወነጀላቸው። ልጃቸው አብርሃም ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለፌስቡክ አመለከተ፤ ሰሚ ግን አላገኘም። ጥቅምት 24 ቀን ፕሮፌሰሩ ከሥራ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በራፋቸው ላይ በጥይት ተገደሉ። አንዱ ጽሑፍ የተነሣው ከሞታቸው ሳምንት በኋላ ነው። ሌላው ከዓመት በላይ እዚያው ተቀምጧል።

ሕግ አልነበረም እንዳይባል፣ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከወጣ ከዓመት ከመንፈቅ በላይ ሆኖት ነበር። አዋጁ የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥቆማ ሲደርሳቸው የሐሰትና የጥላቻ መልእክትን በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ያዛል። ልጁ በመጨረሻ ፍትሕ ፍለጋ በታኅሣሥ 2015 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ። የኢትዮጵያን ጽሑፎች የሚቆጣጠሩት ሠራተኞች እዚያ ነበሩና። ሜታ «የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም» ብሎ ቢከራከርም፣ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ከግድያው እስከዚህ ውሳኔ ብቻ ሦስት ዓመት አልፏል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ገጹን የከፈተው ሰው ብቻ አይደለም። ከጽሑፉ ሥር የተሰበሰበውስ ሕዝብ? ለመሆኑ ከዚያ ሁሉ አንባቢ መካከል «ይህን ማን አየ?» ብሎ የጠየቀ ስንት ነበር? ሰውየውን በአካል የሚያውቅ፣ ከእሳቸው የተማረ፣ ጎረቤትስ?

እኛ ሙስሊሞች ይህ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው ማለት አንችልም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 በሞጣ መስጊዶቻችንና የወገኖቻችን ሱቆች የተቃጠሉት ቤተ ክርስቲያን ላይ እሳት ተነሣ የሚል ወሬ ከተዛመተ በኋላ ነው። ሌላው በእኛ ላይ ያመነውን ወሬ እያወገዝን፣ እኛ በሌላው ላይ የሚነዛውን ሳናጣራ የምናስተላልፍ ከሆነ ምን ለየን?

መረቡ ቢዘጋ እንገላገላለን የሚሉም አሉ። አየነው እኮ! ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። ወሬው ግን በቅዳሜ ገበያና በባጃጅ ላይ በእግሩ ሄደ። እንዲያውም የባሰው ነገር ማጣሪያው መጥፋቱ ነበር። ያን ጊዜ እኔ ራሴ «ዛሬ ሌሊት እንዲህ ሊሆን ነው» የሚል የሰማሁትን ወሬ አዲስ አበባ ላለች እህቴ ደውዬ ነገርኳት። ምንም አልሆነም። እናታችን ግን እስኪነጋ ሱጁድ ላይ አደረች። ዛሬም ሳስታውሰው አፍራለሁ።

ታዲያ ለወጣቶቹ ምን አልኳቸው? በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ላይ ያ ቅጥፈት በመዲና ሲነዛ የበድር ዘማች የነበረው ሚስጠሕ እንኳ በምላሱ ተቀብሎ አስተላልፎታል። ደግ ሰው መሆን ብቻውን ከወሬ አያድንም ማለት ነው። አቡ አዩብና ባለቤታቸው ግን ነገሩን በራሳቸው መዘኑት፦ እኛ ይህን እናደርገዋለን? እኛ የማናደርገውን እርሷ እንዴት ታደርጋለች? ወሬው ከበራቸው አላለፈም።

የሐዲስ ሊቃውንትም የተናጋሪውን መልካምነት ብቻ አልጠየቁም። ከማን ሰማ? በአካል ተገናኝተዋል? ትውስታውስ? በስልካችን ላይም ይኸው ይሠራል። የተቃጠለ ቤት ፎቶ ሲመጣ የመኪናውን ታርጋ፣ የሱቁን ታፔላ፣ የሣሩን ልምላሜ ማየት ነው። በታኅሣሥ ሆነ የተባለ ፎቶ ላይ የክረምት ጭቃ ካለ ሌላ ምስክር አያሻም። በሰው ስም ላይ የሚዘምት ጽሑፍ ስናይ ደግሞ ለማስረጃ ፎቶውን አንስቶ ለድርጅቱ መጠቆም፣ ሰውየውን የሚያውቅ ካለም ዝም አለማለት።

ባለፈው ሐሙስ አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ መጣ። «ኡስታዝ፣ ይህን የላከው የራሳችን ሰው ነው» አለኝ። የድምፅ መልእክት ነው። «በል ላኪውን ጠይቅልኝ» አልኩት። ላኪው ከአጎቱ ልጅ ነው አለ። የአጎቱ ልጅ ከሥራ ባልደረባው። ባልደረባው ደግሞ «ግሩፕ ላይ አገኘሁት» ብሎ መለሰ። ሰንሰለቱ እዚያ ላይ ተበጠሰ። ልጁ ግን ከእኔ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት ለአሥራ አንድ ሰው አስተላልፎት ነበር። ዒሻ እስኪደርስ አንድ በአንድ «ያልተረጋገጠ ነው፣ ይቅርታ» እያለ ሲጽፍ ቆየ። መልስ የሰጡት ሁለት ብቻ ናቸው።