ለእንቁጣጣሽ የሚደርስ ቢጫ አበባ በካኩማ ግቢ



ጳጉሜ ሲገባ በየሠፈሩ የምንሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «አደይ አበባ ከየት እናምጣ?» ሴቶች ልጆቻችን አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ የሚይዙት ከደብተር ወረቀት ተቆርጦ በከለር የተቀባ አበባ ነው። ብዙዎቹ እዚሁ የተወለዱ በመሆናቸው እውነተኛውን አይተውት አያውቁም። በዚህ ትምህርት በሙቅ ግቢ ውስጥ ከዘር የሚበቅልና ለዓውደ ዓመቱ የሚደርስ ቢጫ አበባ እንዴት እንደሚተከል እናስረዳለን።

በቅድሚያ ስለ አደይ እውነቱን እንናገር። አደይ የደጋና የወይና ደጋ አበባ ነው፤ የክረምቱን ዝናብ ጠጥቶ መስከረም ላይ ይፈካል። ቱርካና ግን የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ35 ዲግሪ በላይ ነው፤ ዝናቡም አይታመንም። ስለዚህ የአደይን ዘር ከአገር ቤት አስልካችሁ እንድትደክሙ አንመክርም። የሚሻለው የአደይ የቅርብ ዘመድ የሆነው ቢጫ ኮስሞስ ነው። መነሻው ከሜክሲኮና ከአካባቢዋ ሲሆን ሙቀት ይችላል። አበባው ከቢጫ እስከ ብርቱካንማ ይደርሳል፤ ዘሩም እንደ አደይ ዘር ጠቆር ያለና ቀጭን ነው። ከኪታሌ ወይም ከሎድዋር ለሚመላለሱ ነጋዴዎች አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ሮዝና ነጭ የሚያብብ ሌላ ኮስሞስም ስላለ ከፓኬቱ ላይ ያለውን ሥዕል ሳያዩ እንዳይገዙ።

አንዳንድ ወላጆች «አበባ ይበላል ወይ?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጎመኑን ነቅሎ አበባ ይትከል የሚል ምክር የለንም፤ ለአንድ ቤት ሁለት ባዶ የዘይት ጣሳ ይበቃል። ውሃውም ከመጠጥ ላይ የሚቀነስ መሆን የለበትም። በስደተኞች መርጃ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ውሃ እንዲደርሰው መለኪያ ወጥቷል፤ ቦኖው ከዚያ ያነሰ በሚሰጥበት ቀን የሕፃናት መጠጥ ይቀድማል። ለአበባው ምስርና አትክልት የታጠበበት ውሃ ወይም የልብስ የመጨረሻ ማለቅለቂያ ይሆነዋል። በረኪና፣ ብዙ ኦሞ ወይም ጨው የገባበት ውሃ ግን ይገድለዋል።

ዋናው ሥራ ቀን መቁጠር ነው። ቢጫ ኮስሞስ በተዘራ ከ7 እስከ 9 ሳምንት ገደማ ያብባል። ሐምሌ 1 ቀን የተዘራ ዘር መስከረም 1 ቀን 65 ቀን ይሞላዋል፤ ጳጉሜ ስድስት በሆነችበት ዓመት 66። እኛ አንዱን ጣሳ ሐምሌ 1፣ ሁለተኛውን በሳምንቱ መዝራት ይሻላል እንላለን፤ አንዱን ፍየል ቢበላው ሌላው ይተርፋል።

የጣሳውን ቂጥ በሚስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሱት። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ከላጋ (ከደረቁ ወንዝ) የመጣ አሸዋና ግማሽ እጅ የቆየ የፍየል በጠጥ ቀላቅላችሁ ሙሉ። በጠጥ ማብዛት ጥሩ መስሎ ይታያል፤ ሆኖም ተክሉ ቅጠል ብቻ ያበዛና አበባውን ያዘገያል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ደግሞ የጣሳውን ግለት ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ቆርቆሮ ሥሩን ይቀቅለዋል። በመሆኑም ጣሳውን እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ ቅበሩት፤ መቆፈር ካልተቻለ በጆንያ ጠቅልሉት። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለ የጄሪካን ውሃም ትኩስ ስለሆነ ሌሊት ቀዝቅዞ ጠዋት ይጠጣ።

በአንድ ጣሳ አምስት ዘር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ቅበሩ፤ ላዩን አሸዋ ነስንሱበት፤ አፈሩ ደርቆ ቅርፊት እንዳይሠራ ይረዳል። እርጥብ ጆንያ አልብሱትና ከአራተኛው ቀን ጀምሮ እየገለጣችሁ እዩ። የመጀመሪያው ቡቃያ እንደታየ ጆንያው ይነሣ፤ ካልተነሣ ቡቃያው ይቀጥናል፤ ይወድቃል። በየጣሳው ሁለቱን ጠንካሮች አስቀርታችሁ ሌላውን ንቀሉ። ልጆች መንቀሉን አይወዱትም፤ ሆኖም አምስቱም ከቀሩ አንዱም በደንብ አያብብም።

ስንዝር ሲያህል ጫፉን ቢቀጥፉት ቅርንጫፍ ያበዛል፤ ማበቡ ግን ጥቂት ይዘገያል። ዘግይቶ የተዘራውን አትንኩት። ለፍየልና ለዶሮ የእሾህ አጥር ያስፈልጋል፤ ያለ አጥር ባይጀምሩት ይሻላል።

አበባው ሲረግፍ ራሱ ደርቆ ይጠቁራል። ሳይበተን ጠዋት ለቅማችሁ በጥላ አድርቁት፤ በወረቀት ጠቅልላችሁ ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት፤ ሙቀት በማይበዛበት ቦታ አኑሩት። ለዘር የሚቀሩትን ሁለት ሦስት አበቦች ክር አስራችሁ ለዩአቸው፤ ልጆች በእንቁጣጣሽ ዋዜማ አብረው እንዳይቀጥፏቸው አስቀድማችሁ ንገሯቸው።