የክንድ ልኬት፦ «ለውጥ የለም» ሲባሉ ማወቅ ያለብዎ

ስትሮክ የመታቸው እናትዎ ወይም አባትዎ ለወራት ሲታከሙ ቆይተው «ክንዳቸው ተለክቷል፤ ለውጥ የለም» ሊባሉ ይችላሉ። ፊዚዮቴራፒው ይቀጥል ወይስ ይብቃ የሚለውም በዚሁ ቁጥር ይወሰን ይሆናል። አንድ ቀን የተለካ ክንድ ግን ለእንዲህ ያለ ውሳኔ አይበቃም። ኢየሩሳሌም ውስጥ ቂርያት መናሔም ያላችሁ ቤተሰቦች፣ እሺ ከማለታችሁ በፊት ጠይቁ።

በምን ተለካ? በብዙ አገር የሚሠራበት ፉግል ማየር የተባለው መመዘኛ እ.ኤ.አ. በ1975 ስዊድን ውስጥ የወጣ ነው። ለክንድ 33 ነገሮችን እያየ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጣል፤ ሙሉው 66 ነው። ሌላ ፈተና ደግሞ በ60 ሰከንድ ስንት ትንንሽ የእንጨት ኩብ ከሳጥን ወደ ሳጥን እንደተሻገረ ይቆጥራል። በአንዱ የተገኘውን ከሌላው ጋር ማወዳደር አይቻልም።

ልዩነቱስ ስንት ነው? ከ66ቱ አንድ ሁለት ነጥብ መጨመሩም መቀነሱም የልኬቱ መዋዠቅ ሊሆን ይችላል። ባለሙያዎች ቁም ነገር የሚሉት ብዙውን ጊዜ 5 ነጥብ ገደማ ሲሞላ ነው።

ማን ለካ፣ በስንት ሰዓት? በ2024 የተከፈተው የሐዳሳ የተሐድሶ ማዕከል ስኮፐስ ተራራ ላይ ነው፤ ቂርያት መናሔም በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ። አንድ አዛውንት ያን ሁሉ መንገድ አቋርጠው ሲደርሱ ይደክማሉ፤ ሲደክሙ የታመመው ክንድ ይበልጥ ሊከብድ ይችላል። እዚያ የተገኘውን ውጤት ጠዋት ሰፈር ባለው የኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅት) ክሊኒክ ሌላ ባለሙያ ከለካው ጋር ማመሳከር ያሳስታል። አንድ ባለሙያ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ወንበር ላይ ቢለካ ይሻላል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ቋንቋው ነው። በዕብራይስጥ «ክርንሽን ሳታጥፊ አንሺ» ሲባሉ «አንሺ» የሚለውን ብቻ የሰሙ እናት እጃቸውን አጥፈው ያነሣሉ፤ ነጥብ ይቀነስባቸዋል። ያምዎታል ወይ ሲባሉም፣ ትከሻቸው እየጠዘጠዛቸው «ተመስገን» ይላሉ። የልጅ ልጅ ቆሞ በችኮላ ቢያስተረጉምም ይህ አይጠራም። የእስራኤል የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን በቋንቋና በባህል ተደራሽ እንዲያደርጉ አዟል። ስለዚህ አማርኛ አስተርጓሚ ለመጠየቅ አይፍሩ።

ወገባቸውንም ይመልከቱ። ስኒ ለማንሣት ወደ ፊት ከተደፉ ክንዱ በራሱ አልተዘረጋም፤ ፍጥነት ብቻ የሚቆጥር ፈተና ይህን አያይም።

ክሊኒክ ውስጥ ጥሩ ነጥብ ያመጣ እጅ ቤት ሲገባ ጭን ላይ ተቀምጦ ሊውል ይችላል። እንጀራ የሚቆርሱት በቀኛቸው ነው ወይስ ወደ ግራ ዞረዋል? በሳምንት አንድ ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ ሲበሉና ነጠላ ሲያጣፉ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀው በስልክዎ ይቅረጹና ለባለሙያው ያሳዩ።

በእስራኤል የ1996ቱ የበሽተኛ መብት ሕግ የሕክምና መዝገብ ቅጂ ለመውሰድም ሌላ ሐኪም ለማማከርም መብት ይሰጣል። የቀደሙትን ልኬቶች ሁሉ ቅጂ ይውሰዱ፤ ሕክምናው ከመቋረጡ በፊትም ክንዳቸው በሌላ ቀን፣ አስተርጓሚ ባለበት፣ እንደገና እንዲለካ ይጠይቁ።